የሕፃኑን ልብስና ማዘያውን ለይተን እየገዛን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ የሕፃናት ልብስ ማስታወቂያ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሕፃን በወፍራም ቱታ ተውጦ አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየው። ክንዱም እግሩም ወደ ጎን ተገትሯል። ባለቤቴ አየችውና «ይሄን ለብሶ እንዴት ብሎ ይታዘላል?» አለች። ጥያቄዋ ከሙያዬ ጋር ስለሚገናኝ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። እንጀራዬ በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ቢሆንም የሕፃን ልብስም እሰፋለሁ። ሁለተኛ ልጃችን ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ይጠበቃል። የመጀመሪያዋ የግንቦት ልጅ ስለሆነች በልብስ በኩል ብዙም አላስቸገረችንም። የአሁኑ ግን የሚመጣው ከነውርጩ ነው። ስለዚህ ሰሞኑን ገበያ እየዞርኩ፣ እየዳሰስኩ፣ አንዳንዱንም እየተረተርኩ ነው የከረምኩት።

የምለው አጭር ነው። ለሕፃን ልብስ እንገዛለን፤ ከዚያ ሌላ ቀን ማዘያ እንገዛለን። ሻጩም ለየብቻ ነው የሚሸጥልን። በብርድ ወራት ግን ሁለቱ አብረው ካልተመረጡ ወይ ልጁ ይበርደዋል፣ ወይ በላብ ይጠመቃል፣ ወይ ደግሞ ማዘያው ውስጥ በትክክል አይቀመጥም።

ደብረ ብርሃንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ሙልጭ አድርጎ ይለቀዋል። ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሌሊት አለ፤ ያን ጊዜ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚገኘው። እኩለ ቀን ላይ ግን ያው ቦታ 20 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ የወጣ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ በሸሚዝ ታገኙታላችሁ። ለእንዲህ ያለ አየር አንድ ወፍራም ልብስ አይሆንም። ቶሎ የሚወልቅ፣ ቶሎ የሚደረብ ስስ ስስ ልብስ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ቱታው ልመለስ። ቱታው አያሞቅም አላልኩም። የተሰፋው ለውጭ አገር ኑሮ ነው። እዚያ የሚለብሰው ልጅ ጋሪ ላይ ነው የሚሄደው። ከእናቱ ገላ ስለተለየ ሙቀቱን ራሱ ይዞ መቆየት አለበት። የእኛ ልጅ ደረት ላይ ወይም ጀርባ ላይ ነው። ደግሞስ የእኛ ኮብልስቶን ላይ ጋሪ የገፋ ሰው አለ? ልጁ እኮ ቤት ሳይደርስ አንጀቱ ይበጠበጣል። እንኳን ማዘያ ላይ፣ መኪና ላይም ይህ ቱታ አይመከርም። ሚኒሶታ ያለችው የባለቤቴ እህት እንደነገረችን እዚያ ልጁ የመኪና ወንበሩ ላይ ሲታሰር ወፍራሙ ልብስ ይወልቅና ብርድ ልብሱ ከቀበቶው በላይ ይደረባል። ምክንያቱም ውስጡ የተሞላው ነገር ሲጫኑት ይሟሽሻል። መጀመሪያ ጥብቅ ብሎ የነበረው ቀበቶ ይላላል። ማዘያም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ጥብቅ አድርጋችሁ ታስራላችሁ፤ መንገድ ላይ ልጁ ወደ ታች ሲንሸራተት ታገኙታላችሁ። ላዩ ላስቲክ መሳይ ጨርቅ ሲሆንማ ይብስበታል።

አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ቱታ እጅጌውን እንዳሳጥር አመጣችልኝ። ስፌቱን ስተረትረው ውስጡን አየሁት። ላዩ ፖሊስተር፣ መሃሉ የፋይበር ሙሊት፣ ገበሩም ፖሊስተር ነው። መለያው ላይ ግን የጥጥ አበባ ተስሏል! እኛ ሰፊዎች መለያ አናምንም። ከስፌቱ ውስጠኛ ጫፍ አንድ ሁለት ክር መዝዘን ክብሪት እንለኩስበታለን። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ የሚቀረውም በጣት ሲነኩት ብን የሚል አመድ ነው። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እሳቱ ሲነሳለትም ቶሎ ይጠፋል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፤ ሽታውም የፕላስቲክ ነው። የደንበኛዬ ቱታ ገበር ጥቁር ፍሬ ሆኖ ቀረ። ላብ አይመጥም። ከእናቱ ገላ ሙቀት ላይ ይሄ ሲደረብ የልጁ ማጅራት ይረጥባል። ከጀርባ ወርዶ ነፋስ ሲነካው ደግሞ ያ እርጥበት በረዶ ነው። ሱቅ ውስጥ ክብሪት ለኩሱ አልላችሁም፤ ሻጩ ያባርራችኋል። ገዝታችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ግን ከውስጥ ጫፍ አንድ ክር አትሰስቱ።

ለአራስ መጀመሪያ ገላውን የሚነካው ስስ ጥጥ ይሁን። እኛ አንገቱ ላይ ከፊት ተደራርቦ የሚከፈት ነው የመረጥነው። በጭንቅላት የሚጠልቅ ልብስ ለአራስ ጣጣ ነው፤ በተለይ በብርድ። ከዚያ በላይ ስስ የሱፍ ሹራብ። ሱፍ ትንሽ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል፤ ግን ይኮሰኩሳልና ከገላ ጋር አታገናኙት። ጥሩ ሱፍ የት ይገኛል ካላችሁኝ፣ ሳላፍር ሰልባጅ ተራ እላችኋለሁ። ብዙ ጊዜ የታጠበ የአዋቂ ሹራብ ከአዲሱ ይለሰልሳል። በሙቅ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። የአዋቂ ሹራብ ሁለት እጅጌ ለአራስ ሁለት የሱሪ እግር ይሆናል። የእጅጌው ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ ራሱ የሱሪው ቁርጭምጭሚት ነው። እኔ የሠራሁት ባለቤቴ መልበስ ከተወችው ግራጫ ሹራብ ነው። መጀመሪያ አኮረፈች፤ ሲያልቅ አይታው ሳቀች።

ስለ ሱሪ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሱቅ ላይ ማንም አይነግራችሁም። ልጅ ማዘያ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ እግሩ ይከፈታል። ያን ጊዜ ሱሪው ወደ ላይ ይሸሻል። ባቱ ባዶውን ይቀራል። ከነካልሲው የተሰፋ ቱታ ደግሞ ወደ ላይ ሲሳብ ጣቶቹን ይጨመድዳል። እናትየው ከላይ ኮፍያና ብርድ ልብስ ስትደራርብ፣ ከታች ነፋሱ በባዶ እግር ላይ ነው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። ካልሲው የተለየ ይሁን፣ እስከ ጉልበት ይድረስ። ሱሪው ከቁመቱ አንድ ጣት ሳይሆን አራት ጣት ይርዘም፤ ትርፉ ይታጠፋል። እኔ እግር መሃል ላይ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ እጨምርበታለሁ። ያን ጊዜ እግሩ ሲከፈት ስፌቱ አይወጥረውም። ዳይፐር ለሚያደርግ ልጅም ይመቻል።

አሁን ወደ ማዘያው። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ያዘሉበትን አንቀልባ ይዘውልን መጡ። ቆዳው ደርቆ ነበርና «ቅቤ ቀባው፣ እሽት አድርገው» አሉኝ። ቀባሁት። ሱቄ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ሰነበተ፤ ዩኒፎርም ሊለኩ የመጡ ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ነበር። ቆዳው ለሰለሰ። ጌጡ ላይ ያሉት ዛጎሎች ግን የተሰፉበት ክር በስብሷል። አንዱን ሳብ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። ይህ የልጅ አፍ ውስጥ ቢገባ ምን ይደረግ ነበር? ሁሉንም ነቅዬ በሰም በታሸ ክር ደግሜ ሰፋኋቸው። የቆየ አንቀልባ ያላችሁ ከጠፍሩ በፊት ዛጎሉን ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ።

ስመረምረው ግን አከበርኩት። ቆዳው ነፋስ አያስገባም። የልጁ መቀመጫ ሰፊ ነው፤ ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ይደርሳል። ክብደቱ በእናትየው ደረትና ወገብ ላይ ይከፈላል። ጋቢ ከሁለቱም በላይ ይደረብበታል። ጋቢ አራት እጥፍ ሸማ ነው፤ በእጥፎቹ መሃል የሚያዘው አየር ነው የሚያሞቀው። እንግዲህ ለደጋ ብርድ የሚሆን ማዘያ አያቶቻችን ዘንድ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጡት አንዳንዶቹ መቀመጫቸው ከመዳፍ አይሰፋም። ልጁ በእግሩ መሃል ብቻ ተንጠልጥሎ እግሩ ወደ ታች ይንዠዋዠዋል። ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ መቀመጥ ነው ለዳሌው የሚስማማው። በዚሁ ምክንያት አራስን እግሩን ቀጥ አድርጎ በመቀነት ማሰርም ጥሩ አይደለም።

አንቀልባው ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት አይሆንም። አንገቱ ያልጸና ልጅ ጀርባ ላይ ሲሆን አገጩ ደረቱ ላይ ቢወድቅ አናየውም። አገጭ ደረት ላይ ሲተኛ ደግሞ የአራስ ትንፋሽ ይታፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፊት የሚታሰር ነው የሚያስፈልገው። ባለቤቴን ክትትል የምታደርግላት ነርስ እንዲህ ብላ አሳየችን፦ ጎንበስ ስትሉ ግንባሩን መሳም የምትችሉበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ፊቱ ምንጊዜም ይታያችሁ፤ በአገጩና በደረቱ መሃል ሁለት ጣት ይግባ። ብርድ ነው ተብሎ ጋቢ ወይም ነጠላ ፊቱ ላይ አይጣል። ይህ የፊት መሸፈን ነገር እኛ አገር ትልቅ ጦርነት ነው። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ የእናት እጅ ወዲያው ወደ ነጠላው ይሄዳል። ፊቱን ከመሸፈን እናትየው ለነፋሱ ጀርባ ሰጥታ ብትቀመጥ ይሻላል።

ከውጭ የመጣ ማዘያ የምትገዙ ደግሞ ኪሎውን አንብቡ። ብዙዎቹ ከ3.2 ወይም ከ3.5 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሆኑም፤ መለያቸው ላይ ተጽፏል። እኛ አገር 2.8 ኪሎ የሚወለድ ጤነኛ ልጅ ሞልቷል። ለእሱ ያ ዕቃ ይሰፋበታል፤ ውስጡ ሰምጦ ይቀራል። እኔ ለእኛ ልጅ ከሚለጠጥ የጥጥ ጨርቅ ረጅም መጠምጠሚያ ቆርጫለሁ። ደረት ላይ ተሻግሮ ወገብ ላይ ይታሰራል። ለትንሹም ለትልቁም ይሆናል። ለእኔም ይሆናል፤ ይህን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ወይም ኪሎው ላነሰ ልጅ ሐኪሞች የካንጋሮ እንክብካቤ የሚሉት አለ። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ እናቱ ባዶ ደረት ላይ ይታቀፋል፤ ከላይ ይሸፈናል። የተጀመረው ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ማሞቂያ ማሽን ለሁሉም ስላልበቃ። እናት ስትደክም አባትም ይችላል። የወንድ ደረት ብርድ ነው ያለ ማን ነው?

ለምን ይህን ሁሉ እንደምል ይገባችሁ ይሆናል። የታዘለ ልጅ ቀድሞውኑ አንድ ልብስ ለብሷል፤ ማዘያው ነው። ሁለተኛም ለብሷል፤ የእናቱ ገላ ነው። ሦስተኛ ጋቢው አለ። ከዚህ በታች ወፍራም ቱታ ሲጨመር ልጁ ይቀቀላል። ሕፃን እኛ ከለበስነው አንድ ልብስ ይጨመርለት የሚባለው አልጋ ላይ ለተኛ ልጅ ነው፤ ሲታዘል ማዘያውም ይቆጠር። ነርሷ እጅና እግሩን አትመኑ ትላለች፤ የአራስ እጅ ደህና እያለም ይቀዘቅዛል። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ንኩ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ካየ ደህና ነው።

ስለ ማታው ሳልናገር ብተው ቅር ይለኛል። የእኛ ሰው ለአራስ ቤት ብርድ ያለው መልስ ከሰል ነው። በር ተዘግቶ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ፣ ከሰል ይገባል። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። በየዓመቱ በዚህ ወራት ቤተሰብ አንድ ላይ ታፍኖ አደረ ሲባል እንሰማለን፤ ከዚያ ማግሥት ከሰሉ ተመልሶ ይገባል። ለቡና የመጣ ምድጃም ቢሆን ቡናው ሲያልቅ ይውጣ። እኛ ያዘጋጀነው ውኃ የሚሞላበት ላስቲክ ነው። ልጁ ከመተኛቱ በፊት አልጋውን ያሞቅልናል፤ ሲተኛ ይወጣል። ልጁ በጀርባው ይተኛል፤ ፊቱ አጠገብ ልቅ ብርድ ልብስ አይኖርም። ከመንዝ የመጣው ባና ከባድ ስለሆነ የእናትየው ነው።

ክርስትናውም አለ። ወንድ ከሆነ 40 ቀኑ ጥር ላይ ይውላል፤ ሴት ከሆነች 80ው የካቲት ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ማለዳ ነው። ነጩ ልብስ ያምራል፤ ግን የክርስትና ልብስ ከመሰፋቱ በፊት ከውኃ ወጥቶ የሚለበስ ደረቅ ልብስ ይታሰብ። ከፊት ሙሉ የሚከፈት፣ ሁለት ፎጣ፣ ኮፍያ። ልጁን ቶሎ አድርቆ ደረት ውስጥ መክተት ነው።

በመጨረሻ ለሙያ ጓደኞቼ። ኮፍያና አንገት ላይ ገመድ መስፋት እንተው። አውሮፓ ውስጥ ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ልብስ እዚያ ቦታ ላይ ገመድ እንዳይኖር ደረጃ ወጥቶለታል፤ ልጅ ስለሚያንቅ ነው። የእኛ አገር ኮፍያ ግን እስካሁን ገመዱ ከነኳሱ ነው። ማሰሪያ ካስፈለገ አጭር፣ አገጭ ሥር ተጭኖ የሚገጥም ቁልፍ ይበቃል። ባለ አራት ማዕዘኑን የሱሪ ልክ የሚፈልግ ሰፊ ካለ በካርቶን ቆርጬዋለሁ፤ ሱቄ መጥቶ መገልበጥ ይችላል።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። አማቴ ልጁ በሁለት ወሩ ጀርባ ላይ ይውጣ ይላሉ፤ ነርሷ አንገቱ እስኪጸና ቆዩ ትላለች፤ ቤታችን ሁለት ተከፍሏል። እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ፣ ግን ቤት ውስጥ ድምፄ አይሰማም። የሕፃናት ሐኪም ጠይቃችሁ በጤና ዓምዳችሁ ላይ ብታወጡት ጋዜጣውን ለአማቴ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ልብስ ሰፊ
ደብረ ብርሃን